ለቁም ሰው የወረደ ሙሾ

ሙት ተነሣ፣ ጥላ ታየ ሲሉኝ ገበያ መካከል ቆሜ የምስቅ ሴት ነኝ፣ ደብረ ታቦር ላይ ጌሾ ስሸጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርልኛል፤ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ ፈርታ ነው ወይም ጠጥታ ነው እንዳትሉኝ፣ ያን ቀን ጠላ እንኳ አልቀመስኩም።

ታናሽ እህቴ ውዴ፣ ዓለሙ ለሚባል ልጅ ታጭታ ነበር። በደርግ ጊዜ ለውትድርና ተወሰደ፣ ትንሽ ቆይቶ አብሮት የዘመተ ጓደኛው መጣና መርዶውን ነገረን፤ ውዴም ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች፣ ራሷ ባወጣችው ሙሾ ሦስት ቀን አለቀሰችው፦

«ዓለሙ ዓለሙ፣ አፈር የለበስኸው፣
ቃልህ ለኔ ነበር፣ ለማን ነው የሞትኸው?»

ከዚያ በኋላ ሰው አልሆነችም። እህል እያስጠላት፣ የመጣላትን ሽማግሌ ሁሉ እየመለሰች በዓመቱ ሞተች፣ ሐዘን አይገድልም የሚለኝ ካለ መቃብሯን አሳየዋለሁ። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሲበተን ታዲያ ዓለሙ ወዝቶ ወፍሮ መጣላችሁ! ያ ጓደኛው ጸጸቱ ሲብስበት እውነቱን አወጣው፣ መርዶውን ያስነገረው ራሱ ዓለሙ ነው፣ «ሌላ ፈልጊ» ብሎ ከመላክ ሞቻለሁ ማለት ቀሎት። የእህቴን መቃብር እንኳ ሳይጠይቅ ሐሙሲት ላይ ትርንጎ የምትባል ልጅ ሊያገባ ተደገሰለት።

እኔም ለቅሶውን ላስረክበው ቆረጥኩ። በእኛ አገር ለቁም ሰው ሙሾ ማውረድ እርግማን ነው፣ አውቄ ነው የሄድኩት፤ በሠርጉ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሳልጠራ ዳሱ ውስጥ ገብቼ ከሴቶቹ ኋላ ተቀመጥኩ። ሙሽሮቹ ሲገቡ ነጠላዬን ላዘቅዝቅ ጥለቱን ያዝኩ፣ እመኑኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት ከጭብጨባው ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ዘፈኑን የምትቀበል ሴት መሰለችኝ፣ ቀጥሎ ደረት ሲደቃ ሰማሁ፣ ድም፣ ድም፣ ከከበሮው እየቀደመ፣ ከዚያ «ዓለሙ ዓለሙ» አለች፣ «አፈር» ስትል ድምፁ ስብር አለ፣ የውዴ ነው፣ የእናቴ ልጅ ድምፅ ይጠፋኛል? አጠገቤ ያሉት ሴቶች ግን እልልታቸውን ያቀልጡታል፣ ምንም አልሰሙም።

ዓለሙን አየሁት። ላብ በላብ ሆኖ ዓይኑን ከዳሱ ምሰሶ ላይ ተክሎ ቀርቷል። ልዋሻችሁ አልችልም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። «ይበልህ!» አልኩ በሆዴ፣ «ያንተ ነው፣ ተቀበል!»

ሙሽራይቱ ዘመዶቿን እየተሰናበተች በአጠገቤ ስታልፍ እጄን ያዘችኝ፣ እጇ በረዶ ሆኗል።

«እትዬ፣ ያች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ምሰሶው ሥር የቆመችው እህትዎ ናት? ቁርጥ አንቱን ትመስላለች። ምን አደረግኋት? ስለምን ስሜን እየጠራች ታለቅስብኛለች?»

«የማንን ስም?» አልኳት።

«የኔን ነዋ! ‹ትርንጎ ትርንጎ፣ አፈር የለበስሽው› ትላለች።»

ዞሬ አየሁ፣ ምሰሶው ሥር ማንም የለም። ለልጅቷ ስለ መርዶው የነገራት ሰው አልነበረም፣ የኔም ቂም ከእሷ ጋር አልነበረም፣ በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ እሷን ብዬ አልሄድኩም።

ይኸው ስንት ዓመት አለፈ፣ ዓለሙ ደህና ነው፣ ከብት ይነግዳል። ትርንጎ ግን መንምና ልብሷ ላይዋ ላይ ይዞራል፣ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልቆሙላትም፤ ሐሙስ ሐሙሲት ለገበያ በወረድኩ ቁጥር በሰው መካከል እየተጋፋች ትመጣና ጆሮዬ ሥር ታንሾካሹካለች፦

«እትዬ፣ ዛሬም ስታለቅስብኝ አደረች። እህቷ አይደሉ? ‹በቃሽ› ይበሉልኝ።»

«እሺ፣ እላታለሁ» እላታለሁ። ምን ልበላት ታዲያ? ውዴ በሕይወት ሳለች እንኳ እኔን ሰምታ አታውቅም።