ድንጋዩ እስኪደርቅ

ስቱዲዮው ውስጥ «ቀስ በቀስ» ይሉት ነበር። አንዲት ቅጠል እስክትረግፍ ግማሽ ቀን ከካሜራው ኋላ የሚቀመጥ፣ ቃል የማይነገርባቸው አጫጭር ፊልሞች የሚሠራ ሰው ነው። ፊልሞቹን የምትቆርጠው ኤዲተር ደግሞ እጇም አፏም ፈጣን ነበረች።

«ቀስ በቀስ፣ እንቁላልህ እግር አላወጣም?» ትለዋለች፣ ሚሞሪ ካርዱን ስትቀበለው።

«ጣቶቹ ታይተዋል» ይላታል።

ከዚያ አጠገቧ ይቀመጣል። ስክሪኑ ላይ ጤዛ ሲንጠባጠብ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ስትዋከብ ውላ የምታርፈው በዚያ ዝምታ ነበር። ትወደው ነበር። ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ነገ ይጠይቀኛል ስትል ሁለት ዓመት ሄደ።

አንድ ቀን ዝናብ የመታው ድንጋይ በፀሐይ ሲደርቅ የሚያሳይ የአሥራ አንድ ደቂቃ ፊልም አመጣላት።

«እስከ መጨረሻው እይው» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ። «ለሕዝብ ከታየ በኋላ መልስሽን ትነግሪኛለሽ።»

አስተያየቷን የፈለገ መሰላት። ፊልሙ የሚታይበት ዝግጅት አዘጋጆች ግን ከሰባት ደቂቃ በላይ አንቀበልም ብለው ነበር። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ድንጋዩ ደርቋል። ከደረቀ ወዲያ ምን ሊመጣ ነው ብላ የቀረውን ሳታየው ቆረጠችው።

ፊልሙ ታይቶ መብራት ሲበራ ፊቱ አመድ መስሏል።

«መጨረሻውን ቆረጥሽው።»

«አያስፈልግም ብዬ ነው። ተቀየምክ?»

«አልተቀየምኩም። ገባኝ።»

በሳምንቱ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ለአራት ደቂቃ ፊልም የሚያኮርፍ ወንድ ይቅርብኝ አለች፤ ብቻዋን ስትሆን ግን አለቀሰች።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እሷ ለመልቀም ያጎነበሰችው በስድስተኛው ዓመት፣ አሮጌ ፋይሎች ስትሰርዝ ነው። ቁራጩን ከፈተችው። ደረቁ ድንጋይ ላይ እርጥብ ጣቱ መጣና በውሃ ጻፈ፦ «ታገቢኛለሽ?» ፊደሎቹ አንድ በአንድ ደርቀው ጠፉ። ቆርጣ የጣለችው ጥያቄውን ኖሯል፤ እሱም እምቢታዋ መስሎት ሄደ።

ደወለችለት።

«ሳላየው ነው የቆረጥኩት» አለችው።

ከኋላው አንዲት ሕፃን «አባዬ፣ ና እንጂ» ስትል ተሰማት።

«በአፌ ብጠይቅሽ ምን ነበረበት» አላት።

«ሂድ፣ ልጅህን አታስጠብቃት።»

ስልኩን ዘግታ ፊልሙን ከመጀመሪያው ከፈተችው። አሥራ አንዱንም ደቂቃ፣ ምንም ሳታሳልፍ አየች።