ሳይከፈት የተቃጠለው ማህደር

ሳያይ የሚፈርድ ሰው ጸጸት አያጣውም። ይህን የምለው በሌላ ሰው ላይ ጣቴን ለመቀሰር አይደለም፤ እኔም አለሁበት።

በ1988 ዓ.ም. ወሎ ሰፈር ውስጥ ጎሚስታ ቤት ነበረኝ። ጎረቤቴ አብዱልገኒ ባትላሜራ ነው፤ በግጭት የተጨማደደ መኪና በመዶሻ ቀጥቅጦ ያቃናል። ልጁ ራሕማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለመግባት ትመኝ ነበር። ለመፈተን ደግሞ የራሷን ሥራ ይዛ መቅረብ አለባት።

“ሥዕል የሰው መልክ መገልበጥ ነው” አለኝ አንድ ቀን አብዱልገኒ። “ለሃይማኖታችንም አይሆን፣ እንጀራም አይሆን።”

እኔም ሥዕል ሲባል የማውቀው መልክ ብቻ ነበርና “እውነትህን ነው” አልኩት። በዚያው ሳምንት ልጅቷ ሥራዋን ያጠራቀመችበትን ማህደር ሳይከፍት እሳት ውስጥ ጨመረው።

ራሕማ ስትሰማ አልጮኸችም። “አባዬ፣ አንድም መልክ አልነበረበትም” አለችው። የሁለት ዓመት ልፋቷ የመስጊድ በር የሐረግ ጌጥ፣ የጋቢ ጥለትና አሳምራ የጻፈችው የዓረብኛ ፊደል ነበር። እኔም አፈርኩ። ለፈተናው የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው።

በማግስቱ የሥዕል አስተማሪዋ መምህር ገመዳ አብዱልገኒ ጋራዥ ድረስ መጡ። ሊቆጡን ነው ብለን ስንጠብቅ ዓይናቸው ጎማ በሚከልል አንድ ፓራፋንጎ ላይ ቀረ። መለዋወጫው ከገበያ ስለጠፋ አብዱልገኒ ከጠፍጣፋ ላሜራ ቀጥቅጦ ያወጣው ነው።

“ልኩን በምን ወሰዱት?”

“በዓይኔ ነዋ። የመኪናውን የወዲያኛውን ጎን እያየሁ።”

“ይህ እኮ የቅርጻ ቅርጽ ሙያ ነው፣ አቶ አብዱልገኒ። ሥዕልን ከፊቱ ቆመው ያዩታል፤ ቅርጽን ግን ይዞሩታል፣ ይዳስሱታል። እንጨት ፈልፍሎ፣ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ማተምም አለ። ሸክላው፣ ሽመናው፣ ፎቶግራፉ፣ ያቃጠሉት ፊደልም ጥበብ ነው። መልክ መሳል ከብዙው አንዱ ነው።”

አብዱልገኒ ፓራፋንጎውን ዳሰሰ። “ወላሂ፣ ሠላሳ ዓመት ስቀጠቅጥ ይህን የነገረኝ የለም” አለ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። “አጥፍቻለሁ፣ ዓፉ በይኝ። ላሜራውም መዶሻውም ያንቺ ነው።”

አያያዙን አሳያት እንጂ አንዴም አልመታላትም። እሷ ከወዳደቀ የመኪና ቆርቆሮ በቁመቷ ልክ የሚሆን፣ ሐረጉ ከታች እስከ ላይ የሚጠማዘዝ ቅርጽ አወጣች። ጣቷ ቆሳስሏል፤ ፊቷ ግን በርቷል። የታክሲ ሾፌሮች እንኳ እየወረዱ ዞረው ያዩት ነበር። በፈተናው ቀን ለአራት ተሸክመን ጫንነው።

የተቀበሏቸው ተማሪዎች ስም በተለጠፈ ዕለት አብዱልገኒ ቀድሞን ሰሌዳው ፊት ደረሰ። “ራሕማ አብዱልገኒ” ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ፣ ደግሞም አነበበ። አጠገቡ የቆመ አንድ አባት “ልጅዎ መልክ ልትሥል ነው?” ሲለው እጁን ይዞ ጥላ ሥር አስቀመጠው።

ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁ የሠሩትን ቁጭ ብላችሁ እዩ፤ ካልገባችሁ ጠይቁ። አብዱልገኒ ለዚያ ሰው የጥበብን ዓይነት አንድ በአንድ ሲያስረዳ አንድ ሰዓት አስጠበቀን፤ ራሕማም እየሳቀች የዘለለውን ትጨምርለት ነበር።