«እመቤቴ» የተባለው ደወል

ጋሼን ሞተው ያገኘቻቸው ልጃቸው ናት፤ ማክሰኞ በእኩለ ቀን፣ የኦክስጅን ቱቦው ከአፍንጫቸው ወልቆ። ቱቦው ሲወልቅ መጮህ የነበረበት ደወል ትንፍሽ አላለም። እሷ ማዶ ክፍል ልብስ ትተኩስ ነበር።

መርማሪዋ «ኮምፒውተር ላይ መሃይም ነኝ» እያለች የጋሼን ሦስት ባልደረቦች በየተራ አናገረች። ሦስቱም በነፃ የሚታደል የኮምፒውተር ሲስተም በፈቃደኝነት የሚያዘጋጁ ናቸው፤ ፕሮግራም የምትጽፈው ኮደሯ፣ ስህተት የሚፈልገው ፈታሹና ስም መዝጋቢው። የመጨረሻውን ለደንብ ካለው ፍቅር የተነሳ «ቀኖና» ይሉታል። የሦስቱም ፊት የበደለኛ ፊት ነበር።

የደወሉን ፕሮግራም የጻፉት ጋሼ ራሳቸው ናቸው፤ ሟች ሚስታቸውን በሚያቆላምጡበት ስም «እመቤቴ» ብለውት። ቀኖና ግን የፕሮግራም ስም ሥራውን ይናገር እንጂ ሰው አያስታውስ ብሎ «የትንፋሽ ደወል» አሰኘው። ጋሼ ተቀየሙ። በደንቡ መሠረት ለድሮው ስም «ድልድይ» ተተወለት፤ በድሮው ስም የሚጠራ ማሽን ለአንድ ዓመት ወደ አዲሱ እንዲሻገር።

ሰኞ ዕለት አንድ ሰው ድልድዩን አፈረሰው። ማክሰኞ ጠዋት የጋሼ ማሽን፣ ደወሉ የተጫነበት ኮምፒውተር፣ ራሱን ሲያድስ «እመቤቴ»ን ፈልጎ አጣ፤ ደወሉን አራገፈው። የማፍረሱ ትእዛዝ የተፈረመው ሦስቱም በያዙት የጋራ የይለፍ ቁልፍ ስለሆነ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ልጃቸው ኮደሯን ጠረጠረች።

መርማሪዋ ሁሉንም አንድ ተራ ነገር ጠየቀች፤ ማሽኑ የት ነበር የሚቀመጠው? ቀኖና ፈጥኖ «ሳሎን፣ መደርደሪያው ሥር» አለ።

ሐሙስ ዕለት ሁሉንም የጋሼ መኝታ ቤት ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ያፈረሰው ክፉ ሰው አይደለም» አለች። «ማንም አይጠቀምበትም ብሎ ያመነ ነው። ኮደሯ በየሳምንቱ እዚህ ትመጣለች። ፈታሹ ማሽኑን በገዛ እጁ ወደዚህ መስኮት አዛውሯል። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ ‹እመቤቴ› የሚለውን ያዩ ነበር። ሳሎን ነው ያለኝ አንድ ሰው ብቻ። ማሽኑ ከሳሎን ከወጣ ስምንት ወሩ ነው።»

ቀኖና ከስሙ ጠብ ወዲህ ይህን ደፍ አልረገጠም ነበር።

«ዓመቱ ሊሞላ ወር ነው የቀረው» አለ ወለሉን እያየ። «አዲሱ እትም ሳይወጣ ላጽዳ ብዬ። የተመዘገቡት ተጠቃሚዎች ዝርዝርም በድሮው ስም የሚጠራ የለም አለኝ።»

«አባዬ ማሽኑ ላይ ስሙን መለወጡ አቅቶት አልነበረም» አለች ልጃቸው በቀስታ። «‹ቀኖና ራሱ መጥቶ ይለውጠው› ይል ነበር።»

መርማሪዋ ደብተሯን ከደነች።

«በዚያ ስም የሚጠራ ማሽን ያለበት ሌላ ቤት ይኖራል?»

«አላውቅም።»

ቀኖና ኮምፒውተሩን ከፈተ። ደንቡ የፈረሰ ስም አይመለስም ይላል። «እመቤቴ»ን መለሳት፤ በጋራው ሳይሆን በራሱ ቁልፍ ፈረመ።