በወረቀቴ ላይ አምስተኛ ክፍል የደረሰችው ልጅ

እናንተ በየዓመቱ ዕቅድ የምታወጡ፣ በየዓመቱም «ተሳክቷል» ብላችሁ የምትፈርሙ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ልወቅሳችሁ አይደለም፤ መጀመሪያ ራሴን ልውቀስ። በዛብሽ እባላለሁ። ነገሌ ቦረና ውስጥ፣ የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች በሚመራ አንድ ጽሕፈት ቤት የዕቅድና የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ሆኜ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። እንዴት ያለሁ ጎበዝ ነበርኩ መሰላችሁ! ዓመታዊ ግብ ለማውጣት ከወንበሬ መነሳት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። የአምናውን ወረቀት አወጣለሁ፣ በያንዳንዱ ቁጥር ላይ ከመቶ አሥር እጨምራለሁ፣ ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ሠላሳ ትምህርት ቤት ያድጋል።

በ1975 ዓ.ም. መጨረሻ ከኤላ ጉራቻ አንድ ሪፖርት መጣ። ኤላ ጉራቻ በጭነት መኪና የአንድ ቀን መንገድ የምትርቅ፣ በጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ዙሪያ ያለች መንደር ናት። አዲሱ መምህሯ ለገሰ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «በመስከረም የተመዘገቡ አርባ ስድስት። በጋው ከጠና በኋላ የቀሩ አሥራ ዘጠኝ።»

«ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም እንዴ?» አልኩ። ግቡ ሃምሳ ነበራ! ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁና «ያቋረጡ ተማሪዎች ከመቶ አምስት ሊበልጡ አይገባም። ተስተካክሎ ይላክ» ብዬ መለስኩለት። ለገሰ ወጣት ነው፣ ገና መቀጠሩ ነው፣ ምን ያድርግ? አስተካክሎ ላከ። በሚቀጥለው ዓመት ሃምሳ አምስት፣ ከዚያ ስልሳ፣ ከዚያ ስልሳ ስድስት ሆነልኝ። ኃላፊያችን አቶ ወልደሥላሴ በስብሰባ ላይ «ኤላ ጉራቻን ተመልከቱ እንጂ!» እስከማለት ደረሱ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ እቀመጥ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ከሃያ ተማሪ በታች የቀረው ትምህርት ቤት ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ይታጠፋል። በበጋ ምክንያት ተማሪ የሚያጣ ከሆነ ግን፣ ልጆቹ እየተመገቡ የሚያድሩበት ማደሪያ ይሠራለታል። ለዚህም ባለፉት ዓመታት ያቋረጡት ልጆች የስም ዝርዝር እስከ የካቲት መጨረሻ ይላክ ይላል።

አቶ ወልደሥላሴ ደብዳቤውን አንብበው ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «እኛን አይመለከትም። የእኛ ልጆች አያቋርጡም» አሉ። እኔም ፋይል ውስጥ ከተትኩት።

በጥር መጨረሻ ግን የለገሰ ደብዳቤ በሀሺ የጭነት መኪና ደረሰኝ። ሀሺ ለሞያሌ ነጋዴዎች ዕቃ የሚያመላልስ፣ የገጠሩ ሁሉ ፖስታ ቤት የሆነ ሰው ነው። ለገሰ እንዲህ ይላል፦ «እትዬ በዛብሽ፣ ዘንድሮ አሥራ አራት ልጆች ቀርተውኛል። ማደሪያውን ካላገኘን ትምህርት ቤቱ መዘጋቱ ነው። በወረቀት ሰባ ሁለት ስላሉኝ ማን ያምነኛል? እርስዎ ያስተካከሉትን እርስዎ ያውቁታልና እባክዎ መጥተው ይዩ።»

እርስዎ ያስተካከሉት! ደሜ ፈላ። ደግሞ እኮ እውነቱን ነው። ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ሰነበትኩና፣ የአራቱን ዓመት ሮስተር ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ከሀሺ ጎን ተሳፈርኩ።

ለገሰ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ፊቱ ከስቷል። «ያቋረጡት ልጆች ዝርዝር የታለ?» አልኩት ገና ሰላም ሳልለው።

«የለም» አለኝ። «እንዳያቋርጡ አድርጌ ስጽፍ አይደል የኖርኩት? ማን መቼ እንደሄደ የያዝኩት ነገር የለም። የተረፈኝ ይቺ ብቻ ናት።» ከኪሱ ያወጣት ወረቀት በቀይ የመለስኩለት የመጀመሪያው ሪፖርት ነበር። አርባ ስድስት፣ አሥራ ዘጠኝ።

«ታዲያ ምን ልናደርግ ነው?»

«አባ ሄሬጋ ጋ እንሂድ። እሱ ያውቃል ይሉኛል።»

አባ ሄሬጋ ስም አይደለም፤ የጉድጓዱን የውኃ ተራ የሚያስከብር ሰው ማዕረግ ነው። የማን ከብት በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚወስነው እሱ ነው።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ያንን ጉድጓድ! ከነገሌ አንድ ቀን ርቆ ይህን የመሰለ ነገር አለ፣ እኔ ደግሞ ከወንበሬ ላይ ሆኜ አገሩን አውቀዋለሁ እል ነበር! መሬቱ እንደ ሰፊ መንገድ ተቆፍሮ ወደ ውስጥ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ይጨልማል። ከሥሩ እስከ አፉ ሰው ከሰው በላይ በየእርከኑ ቆሟል። ኦኮሌ የሚሉት የቆዳ ባልዲ ከታች ሞልቶ ከእጅ ወደ እጅ ይወጣል፣ ባዶው በሌላ እጅ ይወርዳል፣ አንዲት ጠብታ አትባክንም። ሁሉም በአንድ ዜማ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። ከላይ ደግሞ ከብቱ! ዓይን እስኪታክተው ድረስ የተኮለኮለ ከብት ጠምቶት ውኃው እየሸተተው ተራውን ይጠብቃል። ግፊያ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው መዝገብ የት ነው ያለው?» አልኩት ለገሰን።

«ያውና» ብሎ በአገጩ ጠቆመኝ። ዱላቸውን ተደግፈው የቆሙ፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ቀጭን ሽማግሌ። አባ ሄሬጋው አባ አብዱባ ናቸው።

«ናጋ?» አሉኝ።

«ናጋ» ብዬ ሰላምታቸውን መለስኩ፤ ከዚያ በላይ ኦሮምኛ ብዙ አልችልም። ለገሰ እያስተረጎመ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እኔ እስክሪብቶዬን አዘጋጅቼ «በየዓመቱ ስንት ልጅ ነው ትምህርት ያቋረጠው?» ብዬ ጠየቅኩ።

ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። ራሳቸው በአማርኛ መለሱልኝ። «ስንት? ልጅና ከብት ስንት አይባልም። ማን ማን ነው በዪ።»

«እሺ አባቴ፣ ማን ማን ነው?»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የጉድጓዱ ምሥራቅ ግድግዳ የተናደበት በጋ» ብለው ጀመሩ። ለገሰ በጆሮዬ «1975 ነው፣ የመጣሁበት ዓመት» አለኝ። ከዚያ ስም ይወርድ ጀመር። የልጁ ስም፣ የአባቱ፣ የጎሳው፣ ትምህርቱን ትቶ ጉድጓድ ውስጥ በየትኛው እርከን እንደቆመ፣ ወይም ከብት ይዞ ወደ ሩቅ ግጦሽ የሄደ እንደሆነ ተራውን ማን እንደያዘለት። አይቸኩሉም፣ አይደናቀፉም፣ ወደ ኋላ አይመለሱም። እጄ ደከመኝ። የዚያን በጋ ሲጨርሱ እኔ የጻፍኩትን ደብቄ ቆጠርኩ።

ሃያ ሰባት።

የለገሰን ወረቀት ገለጥኩ። ከአርባ ስድስት አሥራ ዘጠኝ ሲነሳ ሃያ ሰባት። አንድ አልጎደለ፣ አንድ አልተረፈ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ያለ ወረቀት! እኔ ሁለት የብረት ቁም ሣጥን ሙሉ ፋይል አለኝ፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ልጅ ፈልጊ ብትሉኝ አላገኝም።

«እንዴት አድርገው ያዙት?» አልኳቸው።

ጥያቄው ገረማቸው። «ከትምህርት ቤት የሚወጣ ልጅ ወዴት ይሄዳል? ወደ እኔ ነው። የሰው ልጅ እርከን ላይ አቁሜ ማን እንደሆነ እረሳለሁ?»

የአምስቱን በጋ ስም ተናግረው ሲጨርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ከሁለተኛው በጋ ስሞች መካከል አንዲት ሐቢባ ነበረች፤ የልጃቸው ልጅ ናት። በ1976 ከሁለተኛ ክፍል ወጥታ እስካሁን ሦስተኛው እርከን ላይ ናት። ስሙ ዓይኔ ላይ አለና ሮስተሩን አገላበጥኩ። አዎ፣ ሐቢባ! ሦስተኛ ክፍል አልፋለች፣ አራተኛ አልፋለች፣ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ናት። አማካይ ውጤቷ ሰባ አንድ።

ልጅቷ ተጠርታ ወጣች። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። እስከ ትከሻዋ ጭቃ ነክቷታል። ወረቀቱን ምን አባቴ ብዬ እንዳሳየኋት አላውቅም፤ ብቻ አሳየኋት። በጣቷ እየተከተለች «ሐ… ቢ… ባ» ብላ ስሟን አነበበች። ከዚያ ፊቷ በራ።

«አምስተኛ ክፍል? እኔ? መቼ ነው ያለፍኩት?»

ለገሰ ፊቱን አዞረ። ልጅቷ ግን አምናለች፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነዋ!

«ታዲያ መጽሐፌን አመጡልኝ?» አለችኝ።

ወይ ጉዴ! ያን ጊዜ የተሰማኝን ለጠላቴም አልመኝለትም። አራት ዓመት ሙሉ ግቤን ስመታ የኖርኩት በዚህች ልጅ ላይ ነው። በወረቀት አምስተኛ ክፍል ስለደረሰች፣ ጉድጓድ ውስጥ መኖሯን የጠየቀ የለም። ደህና የሆነች ልጅ ምን እርዳታ ያስፈልጋታል? እዚያው ልጅቷ ፊት አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ነገሌ ስመለስ ዝርዝሩን አቶ ወልደሥላሴ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት።

«አብደሻል?» አሉኝ። «አራት ዓመት ሐሰት ስንልክ ኖርን ብዬ ልፈርም? የሁላችንም ዕቅድ እንዲህ ነው የሚሠራው። ቁጥሩ ካላደገ ሥራ አልሠሩም እንባላለን።»

«ቁጥሩ አድጓል ጋሼ፤ ልጆቹ ናቸው ያላደጉት። ሐሰቱም የእኔ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶው እኔ ጋ ነበር። በስሜ ይጻፉት።»

የለገሰን ወረቀትና የሽማግሌውን ሃያ ሰባት ስም ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው አንብበው አንብበው፣ በመጨረሻ ቀስ ብለው «ያለ ወረቀት ነው ያልሽኝ?» አሉ።

«ዓይናቸውን ጨፍነው።»

ማኅተሙን ከመሳቢያቸው አወጡ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ይገባኛል። ለኤላ ጉራቻ ማደሪያው ተፈቀደ።

ለ1980 ያወጣሁት ግብ ከመቶ ምናምን አልነበረም። ሠላሳ አንድ ስም ነበር፤ ከእርከኑ ወጥተው በጋውን ክፍል ውስጥ የሚያሳልፉ ልጆች። በየሁለት ወሩ ለገሰ ከአባ አብዱባ ጋር ተቀምጦ ስም በስም ያጣራል፣ ሀሺ ወረቀቱን ያመጣልኛል። የአንዱ ልጅ አባት ታሞ ከሆነ እናውቃለን፤ ተራውን ዘመድ እንዲይዝለት ሽማግሌው ያመቻቻሉ።

በዓመቱ ማብቂያ ግምገማ ላይ ሁሉም ዘጠና ስምንት፣ መቶ፣ መቶ ሁለት ከመቶ እያለ አነበበ። እኔ ተነስቼ «ኤላ ጉራቻ ግቡን አልመታም። ሃያ ሁለቱ ዘልቀዋል፣ ዘጠኙ አልዘለቁም» አልኩና፣ ወረቀቴን ዘግቼ የዘጠኙን ስም ከነአባታቸው፣ ከነምክንያታቸው በቃሌ ተናገርኩ። የሳቀብኝ አልነበረም። ከስብሰባው በኋላ ሁለት ርዕሰ መምህራን መጥተው «እኛም ጋ እኮ እንዲሁ ነው» ብለው እየፈሩ ነገሩኝ።

ስለዚህ እላችኋለሁ፣ ግብ አታውጡ አልልም። አውጡ፤ በየዓመቱም ተከታተሉ። ነገር ግን ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት ማን ማን ነው በሉ። የጎደለውንም እንደጎደለ ጻፉ፤ ያልተጻፈ ጉድለት የሚሞላው የለም።

ሐቢባ ከሁለተኛ ክፍል ጀመረች፤ ከትንንሾቹ ጋር፣ ራሷን ቀና አድርጋ። ሦስተኛን አለፈች፣ አራተኛን አለፈች፤ ይኸኛው የእውነት ነው። በ1983 መስከረም የአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ ይዤ ከሀሺ ጎን ተሳፈርኩ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ረጅም ልጅ ሆና ማደሪያው በር ላይ አገኘኋት። መጽሐፉን በሁለት እጇ ተቀብላ ሽፋኑን ደባበሰችው፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ በዛብሽ፣ ቆዩብኝ እኮ» አለችኝ።