የጋሽ ጥሩምባ ተተኪ

«ለአያትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ!» አለ የእግር ኳስ ክለቡ ሥራ አስኪያጅ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ እየተገላመጠ። የተሰረቀ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ይመስል ነበር።

ድንቢጥ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። ድንቢጥ ብሎ ስም ያወጣላት አያቷ ነው፤ ሕፃን ሳለች ድምጿ ቀጭን ስለነበር። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ገብታ፣ ድምጿም ሞላ ብሎ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ዜና አንባቢ ሆናለች። ስሙ ግን አልለቀቃትም።

«ጠዋት ጠዋት ልጄን ላደርስ ስመጣ እሰማሻለሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ጥርት ያለ ድምፅ ነው ያለሽ። ቅዳሜ የወዳጅነት ጨዋታ አለን፣ አዲሱ ድምፅ ማጉያ የሚሞከረውም ያን ቀን ነው። የተጫዋቾቹን ስም፣ ቅያሪውን፣ ጎል ያገባውን ታነቢያለሽ፣ በቃ። ከተዋጣልሽ ዓመቱን ሙሉ አንቺው ነሽ።»

«አባባስ?»

ሥራ አስኪያጁ ጭንቅላቱን አከከ። «ላይኛው ዲቪዚዮን እንደ ድሮው አይደለም፣ የኔ ልጅ። ሕግ አለው። አስተዋዋቂው ስም ይጠራል፣ ቁጥር ይጠራል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ጋሽ ጥሩምባ ደግሞ ዝም ሲሉ አይተሽ ታውቂያለሽ? ባለፈው ሊያየን የመጣው የሊጉ ሰውዬ እኮ ‹ይኼ አስተዋዋቂ ነው ወይስ ተረት አባት?› ብሎ ጠይቆኛል።»

«ታዲያ ለምን ራስዎ አይነግሩትም?»

«እኔ? እሳቸውን የማገኛቸው ፀጉር ቤት ነው። ምላጭ ይዘው ጉሮሮዬ ላይ ቆመው እንዴት ብዬ ልንገራቸው?» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ብዙም አልቆየም። «የቅዳሜው ጨዋታ በዝግ ነው ብያቸዋለሁ። ተመልካች ስለሌለ ማስተዋወቅም የለም ብያለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን... እንግዲህ ያኔ እናስብበታለን። እሺ?»

እሺ ከማለቷ በፊት ትንሽ ማመንታት ነበረባት። አላመነታችም።

ወደ ቤት ስትሄድ በሜዳው በኩል አለፈች። ቡድኑ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ካደገ ወዲህ ሜዳው የሚያገባ ሰው ቤት መስሏል። አጥሩ ነጭ እየተቀባ ነው። ሣሩ ተገልብጦ በአዲስ ተተክሏል። ሰው በየድንጋዩ ተንጠልጥሎ ያይበት የነበረው ዳገት ተደልድሎ የሲሚንቶ መቀመጫ ተሠርቶበታል። በአራቱም ማዕዘን በቆሙ ምሰሶዎች ላይ ጥቁር ጥቁር ድምፅ ማጉያዎች ወደ ታች ያያሉ። አያቷ ሲያስተዋውቅ ይቀመጥበት የነበረው የእንጨት ሳጥን ከአሮጌው አጥር ስብርባሪ ጋር ጥግ ላይ ተጥሏል።

እዚያ ሳጥን ላይ ከአያቷ ጎን ተቀምጣ፣ እግሯ መሬት ሳይነካ፣ ስንት ቅዳሜ እንዳሳለፈች እሷም አታውቀው። አያቷ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሱቁን ዘግቶ፣ ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ ሜጋፎኑን አንጠልጥሎ ሜዳ ይወርዳል። ጋሽ ጥሩምባ የተባለውም በዚሁ ነው። የተጫዋቾቹን ቅጽል ስም የሚያወጣው እሱ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁን ራሱን፣ ገና ቀጭን የክንፍ ተጫዋች ሳለ፣ «ንፋስ» ይለው ነበር። ከጨዋታው መሐል ደግሞ የሰፈሩን ጉዳይ ሁሉ ያስገባል።

«ኳሷ ዳቦ ቤቱ ጣሪያ ላይ ናት። ዳቦ ጋጋሪው፣ እባክህ መሰላሉን!»

«ሰማያዊ ሹራብ የለበስከው ልጅ፣ እናትህ በሩ ላይ ቆመዋል። የቤት ሥራህን ሳትሠራ ነው አሉ የወጣኸው።»

ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። ለተቃራኒ ቡድንም ቢሆን አዳልቶ አያውቅም፤ እንግዶቻችን ነው የሚላቸው። አንድ ጊዜ አምስት ጎል የገባበት የእንግዶቹ በረኛ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አልነሳ ሲል «የመጨረሻዋን ማንም አያድናትም ነበር፣ እስቲ አጨብጭቡለት» ብሎ ሜዳውን ሁሉ አስጨበጨበ። ልጁ እንባውን ጠራርጎ ተነሳ።

ቡድኑ ያደገበት ቀን ደግሞ ነበር። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ጥሩምባ ዞረ፣ ምን ሊል ነው ብሎ። ምንም አላለም። ሜጋፎኑን ማጥፋት ረስቶ አለቀሰ። ሜዳው ሁሉ የእሱን ለቅሶ ሰማ፣ ከዚያ ሜዳው ሁሉ አለቀሰ።

ሥራ አስኪያጁ ባነጋገራት በዚያው ሰኞ ማታ፣ የሰጣትን የተጫዋቾች ስም ዝርዝር ይዛ ፀጉር ቤቱ ገባች። አያቷ ወረቀቱን እጇ ላይ ሲያይ ፊቱ በራ።

«የአዲሶቹ ልጆች ስም ነው? ጎበዝ! ዓይኔ እንደሆነ ከድቶኛል፤ እያነበብሽልኝ ላጥና። ላይኛው ዲቪዚዮን ላይ ስም ተሳስቼ መሳቂያ አልሆንም።»

ምን ትበል? አነበበችለት። እሱ የደንበኛ ፀጉር እየቆረጠ፣ እሷ ከመስተዋቱ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ስሙን ከነቁጥሩ ትጠራለች፣ እሱ ተከትሏት ይደግማል። በማግስቱም እንደዚያው፣ ከዚያም በኋላ። ለአዳዲሶቹም ቅጽል ስም አውጥቶላቸው ነበር። ፀጉራቸውን ሊቆረጡ ሲመጡ በመስተዋቱ አጥንቷቸዋል።

«ረጅሙ ተከላካይ ‹ምሰሶ› ነው። ያ ዝም የሚለው አማካይ ‹ቁልፍ›። አንድ ጊዜ ድገሚልኝ፤ አንቺ ስትዪው ጆሮዬ ቶሎ ይይዘዋል» ይላታል።

እሷም ትደግማለች። እየደገመች ድምጿን ታስተካክላለች፣ የት መተንፈስ እንዳለባት ታያለች። አያቷን እያስጠናች ነው እንዳይባል ራሷ እየተለማመደች ነበር። ያሳፈራት ደግሞ መለማመዱ ደስ ማለቱ ነው። ማታ ዓይኗን ስትጨፍን አራቱም ማጉያዎች በእሷ ድምፅ ሲናገሩ ይሰማታል።

የወንበር ጓደኛዋ ነገሩን ስትሰማ «ኧረ ተይ አታካብጂ!» አለቻት። «አሪፍ ዕድል ነው እኮ። ቅዳሜ ሲሰማሽ ራሱ ደስ ይለዋል። ሰርፕራይዝ ነው በይውና አለቀ!»

ድንቢጥም ይህን መልስ ወደደችው። አርብ ከሰዓት ድረስ ይዛው ቆየች።

አርብ ዳቦ ጋጋሪው ከነዱቄቱ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተሰይሟል። አያቷ የግራውን ጎን ጨርሶ ወደ ቀኙ እየዞረ ነበር።

«ነገ በዝግ ነው አሉ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ግድ የለም። ወንበሬን እዚህ በር ላይ አወጣና ጩኸቱን እሰማለሁ። ልጆቹ ሲጠራሩ ከዚህ ይሰማል። የአዲሶቹን ድምፅም እለያለሁ።»

ዳቦ ጋጋሪው በመስተዋቱ ውስጥ ድንቢጥን አያት። ዳቦ ቤቱ ከሜዳው አጠገብ ነው፤ በዝግ አለመሆኑን ያውቃል። እሷም ማወቁን አወቀች። ከዚያ አያቷን ነገ በር ላይ ተቀምጦ አሰበችው፤ ጆሮውን አቁሞ፣ በደስታ። መጀመሪያ የሚሰማው የእሷን ድምፅ ነው፣ ያውም ስታስጠናው የከረመችውን ስም ስትጠራ። ሰርፕራይዝ የሚባለው ነገር አፏ ውስጥ መረረ።

«አባባ፣ በዝግ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ጨዋታው። ሰው ይገባል። አዲሱ ማጉያ ይሞከራል።»

መቀሱ አየር ላይ ቆመ። «ታዲያ ማን ሊያስተዋውቅ ነው?»

«እኔ።»

ዳቦ ጋጋሪው ዓይኑን ጨፈነ። አያቷ መቀሱን ከማበጠሪያው ጎን አስቀመጠ፣ ማበጠሪያውን አስተካከለ፣ መቀሱን እንደገና አስተካከለ። ከዚያ ወደ ውጭ ወጣ። ሱቁ ውስጥ ሰው ጥሎ ሲወጣ አይታው አታውቅም።

ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ከጎኑ ተቀመጠች። መንገዱ ማዶ የሜዳው ነጭ አጥር ይታያል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

«ከሰኞ።»

«እና ስታነቢልኝ የከረምሽው...»

«ለራሴም ነበር።» ሥራ አስኪያጁ ያላትን ሁሉ ነገረችው፣ ሕጉን፣ የሊጉን ሰውዬ፣ ተረት አባት የሚለውን እንኳ አልዘለለችም። እዚያ ላይ ስትደርስ ብቻ አያቷ በአፍንጫው ሳቅ መሰል ነገር አወጣ።

«ቅር ብሎኛል» አለ ቆይቶ። «አልዋሽሽም፣ በጣም ቅር ብሎኛል። በንፋስ አይደለም፤ እሱ ድሮም ፈሪ ነው። ፍጹም ቅጣት ምት ምታ ሲባል የጫማውን ክር ማሰር ይጀምር ነበር። በአንቺ ነው። አንቺ እኮ ማታ ማታ አጠገቤ ተቀምጠሽ...» አልጨረሰውም።

ድንቢጥ እንባዋ መጣ። አንድ ዓረፍተ ነገር አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ‹እተወዋለሁ አባባ፣ አልሄድም› የሚል። ይህን ብትል እጁን ራሷ ላይ ያደርጋል፣ ነገሩም እዚሁ ደረጃ ላይ ያልቃል።

ያን ጊዜ ጠየቃት። «ትፈልጊዋለሽ?»

አጥሩን አየች። ከአጥሩ በላይ ብቅ ያሉትን ማጉያዎች አየች። አያቷን ሳምንቱን ሙሉ ዋሽታዋለች፤ አሁን ደግሞ እሱን ለማስደሰት ብላ ልትዋሸው ነው። ዓረፍተ ነገሩን ዋጠችው።

«እፈልገዋለሁ» አለች። «በጣም ነው የምፈልገው።»

አያቷ መዳፎቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ አጥሩን እያየ ተቀመጠ። እሷም አልተነሳችም።

«ጋሼ!» አለ ዳቦ ጋጋሪው ከውስጥ። «በግማሽ ፀጉር ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?»

አያቷ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። ድንቢጥም ተከትላው ገባች፣ መጥረጊያውን አነሳች፣ የወደቀውን ፀጉር ወደ ጥግ ትሰበስብ ጀመር።

«ሰው ግን የት ነው የሚቀመጠው?» አለ አያቷ በድንገት፣ ፊቱን ወደ መስተዋቱ እንዳደረገ።

«የቱ ሰው?»

«ተመልካቹ። እኔ እኮ ዝም ብዬ ተቀምጬ ጨዋታ አይቼ አላውቅም።»

ዳቦ ጋጋሪው መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ መቀሱ ጆሮው አጠገብ መሆኑን አይቶ መልሶ ዘጋው።

ድንቢጥ መጥረጊያውን አቆመች። «ነገ ቀደም ብዬ ሄጄ ቦታ እይዝልሃለሁ» አለች። «ከማጉያው ራቅ ያለ ይሻልሃል?»

አያቷ የዳቦ ጋጋሪውን አንገት በብሩሽ ጠረገ፣ ጨርቁን ፈታ፣ አራገፈ።

«ቅርብ ይሁን» አለ።