እዚህ ላይ ይቀደድ

ሞላሌን በነሐሴ ያላየ ሰው ጉም አይቻለሁ አይበል። ጉሙ ሲወርድ ሰው የገዛ እጁን አጥቶ የጎረቤቱን ይዞ ይገባል። አንዱ ገበሬማ በሬዬ ነው ብሎ የጎረቤቱን አማት ሲነዳ ዋለ ይባላል፤ እውነቱን አማቲቱ ያውቃሉ።

በዚያ ዓመት ግን ከጉሙ የባሰ ነገር ወርዶ ነበር፤ ፍርሃት። ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት መጥቶ ውሻ በጮኸ ቁጥር የአገሩ ጎረምሳ እንደ ጅግራ ብር ይል ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ስማቸውን እየጠሩ መጣራት ትተው በሳል ይጠሯቸው ጀመር።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ዳኜ በስብሰባ ላይ ቃሉን ሰጥቷል። «ጎጆ የወጣ ይቀራል፤ ያልወጣ ይዘምታል። አለቀ!» እሱ አለቀ ካለ አለቀ ነው። ሞላሌ ላይ ሲያስነጥስ ዘመሮ ላይ ገበያ ይበተናል።

የትምወርቅን ያስጠራት ይኸው ሰው ነው። የትምወርቅ የአቶ ጫኔ ልጅ ናት። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ ጽሕፈቷ ስላማረ፣ ለእንቁጣጣሽ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ሲፈልግ አገሩ ሁሉ ወደ እሷ ነበር የሚሄደው። ወረቀት ለሁለት ታጥፋለች፣ አደይ አበባ ትስልበታለች፣ በቃ። ሌላ ዘዴ አታውቅም።

«አበባ አይደለም የምፈልገው» አለ ጓድ ዳኜ። «ደብረ ብርሃን ስብሰባ ላይ አይቻለሁ። ካርዱን ስትከፍቺው ከውስጥ ብድግ ይላል!»

«ምኑ ነው ብድግ የሚለው፣ ጓድ?»

«ችቦው ነዋ! የአብዮቱ ችቦ! ለአሥረኛው ዓመት በዓል ከአውራጃ እንግዳ ይመጣል። እጁ ላይ ብድግ ይበልልኝ።»

«ብድግ ባይልስ?»

ጓድ ዳኜ ኮፍያውን አስተካከለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አባትሽ ደህና ናቸው?» አላት።

እንዲህ ያለውን ደህንነት ጠያቂ ለጠላትም አይስጥ። የትምወርቅ ያንኑ ለት ሥራ ጀመረች።

ወረቀቱ ከትምህርት ቤት መጣላት፤ ጠንካራ፣ እንደ ብራና የሚንኳኳ። ቀይ ቀለም ግን ከሱቅ ጠፍቶ ነበር፤ አገሩን ለበዓል ቀይ ለመቀባት ሁሉም አልቋል። ስለዚህ ወደ ሚካኤል ደብር ወረደች። እዚያ የብራና መጻሕፍት የሚጽፉት የኔታ ገብረ አማኑኤል ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ባለች ጎጆ ተቀምጠዋል።

«የኔታ፣ ቀይ ቀለም ፈልጌ ነበር።»

«ለምን ይሆንሻል፣ ልጄ?»

«ለ... ለችቦ።»

«በእኛ ቤት በቀይ የሚጻፈው የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ነው። ችቦው ቅዱስ የሆነ ለት ትመጪያለሽ።»

ከጥጉ አንድ ሳቅ አፈተለከ። ብራና ታቅፎ የተቀመጠ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው የተከናነበ ተማሪ ነው። ዓይኑን ከጽሕፈቱ አነሣና ዓይኗ ላይ ጣለው። ከመቃ ብርዑ ጫፍ የቀለም ጠብታ ቀስ ብላ ተንጠለጠለች፤ ከዚያ ወደቀች። እሱ አላያትም። እሷ አየቻት።

«አንተ ዓምደ ሚካኤል! ዳዊቱን አጠቆርከው!» አሉ የኔታ።

የትምወርቅ አፍራ ወጣች። ደጁ ላይ ሳትደርስ ተከትሏት መጣ።

«እኅቴ! ቀይ ከፈለግሽ እናንተ ቤት እንሶስላ የለም?»

«እንሶስላ የሴት እጅ ማቅለሚያ ነው።»

«ወረቀትስ ወንድ ነው ሴት?»

መሳቅ አልፈለገችም፤ ግን ሳቋ ቀድሟት ወጣ።

ዓምደ ሚካኤል ከመርሐቤቴ ነው የመጣው፤ የብራናውን ቁም ጽሕፈት ሊማር። ከቀትር በኋላ የኔታ ሲያሸልቡ (ሲያንኮራፉ የደብሩ ዋርካ ቅጠሉን ያራግፋል) ሁለቱ ከየኔታ ጎጆ ጀርባ ካለው ዳስ ሥር መገናኘት ጀመሩ። እሷ እንሶስላ ወቅጣ ታመጣለች፤ እሱ የግራር ሙጫ ይጨምርበትና ያወፍረዋል። እሷ ድንች ለሁለት ከፍላ በቢላ ኮከብ ትቀርጽበታለች፤ ቀዩን አስነክታ ወረቀቱ ላይ ስትጫነው ኮከብ ይታተማል። እሱ ደግሞ ማጠፍ አስተማራት።

«በጥፍርሽ አትጫኚው፤ ይሰበራል። መጀመሪያ በወስፌው ደንዝ አስምሪበት። ወረቀት መንገዱን ካሳዩት ራሱ ይታጠፋል።»

«ሰውም እንዲህ ቢሆን።»

«ሰውስ? እኔን በወስፌ የነካኝ የለም፤ ይኸው ግን እጥፍጥፍ ብያለሁ።»

«ወሬኛ!»

ችቦው ግን እምቢ አለ። ቢለጥፉት ይወድቃል፤ ቢያቆሙት ይተኛል። የትምወርቅ የአባቷ ፊት ድቅን ይልባት ጀመር። አንድ ቀን ተናዳ እጥፉን እዚህም እዚያም በመቀስ ቀደደችው። ልትጥለው ስትል እጇን ያዛት። በሁለቱ ቅዳድ መካከል የቀረውን ወረቀት በጣቱ ወደ ውስጥ ገፋው፤ ካርዱን ዘጋው፤ ከፈተው።

ወረቀቱ ብድግ አለ።

ሁለቱም ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። ዝናቡ ብቻ ያወራል። እጇ እጁ ውስጥ እንደነበረ ያስታወሱት ዘግይተው ነው፤ ሲያስታውሱም ማንም አልተጣደፈም።

ከዚያ ወዲህ ችቦውን፣ ከሥሩም «አብዮት» የሚለውን ቃል፣ እጥፉ ላይ በቀይ እየሣሉ ግራ ቀኙን ይቀድዱት ጀመር። ዓምደ ሚካኤል ግን አንድ አመል ነበረችው። ከመቅደዱ በፊት ከመስመሩ አጠገብ በእርሳስ ያንን የሚያምር ቁም ጽሕፈቱን ያሰፍራል፤ «እዚህ ላይ ይቀደድ»። ብራና ላይ ቀይ ቀለም የሚገባበትን ቦታ ለሚያቀልመው ጸሐፊ ከዳር ጽፎ መተው የኔታ ያስለመዱት ነው። ሳይጽፍ መቅደድ አይሆንለትም። ተቀዶ ካለቀ በኋላ የትምወርቅ በላጲስ ታጠፋዋለች።

«ላጲሴን ጨረስክብኝ።»

«አንቺ ልቤን ስትጨርሺ ተናገርኩ?»

እንሶስላው ግን ላጲስ አይፈራም። የእሷስ እጅ የሴት እጅ ነው፤ የእሱ ግን እስከ አንጓው ቀላ። ቢያጥበው፣ በአመድ ቢያሸው ወይ ፍንክች።

«የኔታ ቢያዩኝስ?» አለ ጋቢው ውስጥ እየሸጎጠው።

«ሙሽራ ነህ ይሉሃል።»

ይህን ስትል ፊቷ ከእጇ በላይ ቀላ። እሱ ግን አልሳቀም።

«ሽማግሌ እልካለሁ።»

«አባዬ አይሰጡህም። ለዘመሮው ባለ ወፍጮ ልጅ አስበውኛል። የቆሎ ተማሪ በደጄ ሲያልፍ እንዳላይ ብለዋል። እሳቸው ደግሞ ቃል ከአፋቸው ከሚወጣ ጥርሳቸው ቢወጣ የሚመርጡ ናቸው፤ አንዴ ካሉ ብለዋል።»

«ኢትፍርሂ።»

«ግዕዝህን ለየኔታ። ምን ማለት ነው?»

«አትፍሪ ማለት ነው።»

«አንተስ አትፈራም?»

«እኔማ ልሞት ነው» አላት።

በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት፣ የመጨረሻዎቹን ካርዶች እየሠሩ ሳሉ ከማዶ ውሻ ጮኸ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ «አፈሳ! አፈሳ መጣ!» አለች። ዓምደ ሚካኤል እርሳሱን ጥሎ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከና ወደ ጓሳው ሣር ሮጠ። ጉሙ ዋጠው። የትምወርቅ የተሠራውን ካልተሠራው ሳትለይ ካርዶቹን ሰብስባ በነጠላዋ ቋጠረች። ታጣቂዎቹ በዳሱ አጠገብ ሲያልፉ የወደቀውን እርሳስ በእግሯ ሸፈነችው።

በማግስቱ የበዓሉ ሜዳ ቀይ በቀይ ሆነ። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከመድረኩ አጠገብ ቆሟል፤ የተያዙት ጎረምሶች ላዩ ላይ ናቸው። የትምወርቅ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ እሱ የለም። እግዜርን አመስግና ሳትጨርስ ከሕዝቡ መካከል አየችው። ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። ያ እብድ ሊያያት መጥቷል!

ጓድ ዳኜ የትምወርቅ እንደቋጠረች ካስረከበችው ካርዶች ውስጥ ኮከቡ ደምቆ የታተመውን መርጦ ለአውራጃው እንግዳ አቀረበ። እንግዳው በድምፅ ማጉያው ፊት ካርዱን ከፈተው። ምንም ብድግ አላለም። እንግዳው መነጽሩን አስተካክሎ አነበበ።

«አብዮት... እዚህ ላይ... ይቀደድ።»

ድምፅ ማጉያው ቃሉን ተቀብሎ ከገደል ገደል አላጋው። ማዶ ያለው ተራራ እንኳ «ይቀደድ... ቀደድ... ደድ» አለ። ሜዳው ላይ የሚያስል ሰው ጠፋ። ፈረስ እንኳ ጭራውን አቆመ ይላሉ።

«ማነው የጻፈው?» አለ እንግዳው በቀስታ።

ጓድ ዳኜ እንደ አመድ ነጣ። ካርዱን ነጠቀና አየው። «ይሄ የሴት እጅ አይደለም! ይሄ የደብር ጽሕፈት ነው!»

«እኔ ነኝ።»

ዓምደ ሚካኤል ሕዝቡን ሰንጥቆ ወጣ። በአጠገቧ ሲያልፍ «ኢትፍርሂ» አላት፤ እጆቹን ጋቢው ውስጥ እንደሸጎጠ ነበር።

የትምወርቅ እንዴት መድረኩ ላይ እንደወጣች ዛሬም አታውቅም። መቀሱ በመቀነቷ ነበር። «ጌታዬ፣ ይሄኛው አላለቀም! የመቅደጃው ምልክት ነው፤ ይዩ!» ከሊቀመንበሩ እጅ ካርዱን ወሰደች። በመቀሱ መስመሩን ተከትላ ቀደደች፣ በጣቷ ገፋችው፣ ዘጋችው፣ ለእንግዳው ሰጠችው። ሰውዬው ከፈተው።

ችቦው ብድግ አለ። «አብዮት» የሚለውም አብሮ ቆመ፤ የእርሳሱ ጽሕፈት ከእጥፉ ሥር ተሸሸገ።

እንግዳው ዘጋው፤ ከፈተው። ደግሞ ዘጋው፤ ደግሞ ከፈተው፤ እንደ ሕፃን ሳቀ። ያኔ ሕዝቡ ሁሉ ለመኖር እንደተፈቀደለት ሰው አጨበጨበ።

ጓድ ዳኜ ግን ላቡን እየጠረገ ዓምደ ሚካኤልን ከላይ እስከ ታች አየው። የተዋረደ ሰው ዓይን ክፉ ነው። «ጎበዝ ነው። እንዲህ ያለ ጎበዝ ግንባር ላይ ያስፈልጋል። ጎጆ አልወጣህም አይደል? ውጣ መኪናው ላይ!»

ታጣቂው ክንዱን ሲይዘው ጋቢው ወደቀ። ሁለቱም እጆቹ በፀሐይ ላይ ቀልተው ታዩ።

«እጅህ ምን ሆኗል?» አለ ጓድ ዳኜ። «ደም ነው?»

«ሙሽራ ነው!» አለች የትምወርቅ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷም ሰማችው። መመለስ አይቻልም። ሁለት እጆቿን ዘርግታ ከእጆቹ አጠገብ አቆመች፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ቀለም። «እንሶስላ ሞቀን ነው። እኔና እሱ። ልንጋባ ነው። እርስዎ ራስዎ ጎጆ የወጣ ይቀራል ብለዋል።»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ጓድ ዳኜ ሳቀ፤ ሳቁ ሳቅ አይመስልም።

«በመስከረም? ማነው በመስከረም ልጁን የሚድር?»

ሰው ሁሉ ወደ አቶ ጫኔ ዞረ። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ከፊት ቆመዋል። የትምወርቅ አባቷን ለማየት ደፈረች፤ ፊታቸው እንደ ግንብ ነው። አንድ ቃል ይበቃል። አላውቅም ካሉ ልጁ መኪናው ላይ ነው፤ እሷም አልቆላታል። መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል። ሽማግሌው የልጃቸውን እጅ አዩ፣ የልጁን እጅ አዩ፣ መኪናውን አዩ።

«እኔ» አሉ አቶ ጫኔ።

«ምን አሉ?»

«በመስከረም የምድር እኔ። የመስቀል ማግስት ነው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምነው ዳኜ፣ ካርዱ አልደረሰህም?»

መጀመሪያ የሳቀው እንግዳው ነው። ከዚያ ሜዳው በእልልታ ተቀደደ። ጓድ ዳኜም የታጣቂውን እጅ ከልጁ ክንድ ላይ አነሣ፤ ምን ያድርግ፣ ቃሉ የራሱ ነው። መኪናው ሌሎቹን ጭኖ ሄደ። እልልታው መሀል የነዚያ እናቶች ዝምታ ነበር፤ የትምወርቅ ያንን ዝምታ ሰማችው፤ ደስታዋም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉ ሆኖ አያውቅም።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባቷ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆኑ። አጥሩን አለፉ። በሩ ላይ ቆሙ።

«ዋሽተሽ ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እኔ ግን በሽምግልናዬ በሕዝብ ፊት አልዋሽም። ያልኩትን ብያለሁ።» ገቡና ከውስጥ ሆነው ጨመሩ። «በይ ካርዱን ሥሪ። የዳኜን አስቀድሚ።»

የመስቀል ማግስት ተዳሩ። እንሶስላ የሚያሞቁ ሴቶች መጥተው ሙሽሪትም ሙሽራውም ቀድመው ስለቀሉ ሥራ ፈትተው ጨፈሩ። የሠርጉን ካርድ ነገር ሲያወሩም ሲከፍቱት ሙሽሮቹ ብድግ ብለው እጅ ይነሡ ነበር ይላሉ፤ ይህን ያለው ያው የጎረቤቱን አማት የነዳው ሰውዬ ነው።

ፍርሃቱ ግን በዚያ አላበቃም። በየዓመቱ ሌላ ኮታ፣ ሌላ መኪና ይመጣ ነበር። ማታም ሆነ ቀን ውሻ በጮኸ ቁጥር የትምወርቅ የባሏን ክንድ ትይዛለች፤ እሱም «ኢትፍርሂ» ይላታል፤ ሁለቱም ይፈራሉ።

ያኔ ተነሥታ ከሣጥኑ ውስጥ አንድ ካርድ ታወጣለች። ከሠርጋቸው ካርዶች ለእሷ ብቻ የሠራላት ነው። ስትከፍተው ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቆማሉ፤ እጃቸው ቀይ ነው። ከእጃቸው ሥር በእርሳስ፣ በዚያ በሚያምር ቁም ጽሕፈት የተጻፈ አለ። በላጲስ አጥፍታው አታውቅም።

«እዚህ ላይ አይቀደድ» ይላል።