ያላጠበቅኳት ብሎን

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ በእጄ የነካሁትን ነው የምነግራችሁ።

ባለፈው ኅዳር፣ እሁድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

ከከተማችን ወጣ ብሎ ጠጠር ሲወጣበት ኖሮ ውሃ የሞላው ጉድጓድ አለ። እኛ ሐይቅ ነው የምንለው። የክለባችን ሰዎች በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ ሰርጓጅ መርከቦችን እዚያ እናጠልቃለን። ሽማግሌዎች ነን፤ ብትስቁብን ግድ የለኝም።

ጉም ስለነበር ከክለቡ ማንም አልመጣም።

ሮስቪታ ብቻ መጣች... የኦትማርን መርከብ እንደ ሕፃን ታቅፋ።

ኦትማር ባሏ ነበር፤ የኔ ደግሞ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ። ከዚያ ልክ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እዚያው ሐይቅ ውስጥ ነው የሞተው። መርከቧ ጠልቃ አልወጣ አለች። ሊያወጣት ገባ። ብርዱ ልቡን ቀጥ አደረገው።

ሁሉም "ባትሪው ነው" አለ።

ባትሪው አልነበረም።

መርከቧ ውስጥ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች አሉ። አንዱ መሪውን ግራና ቀኝ ያዞራል። ሌላው የጭራዋን ክንፎች ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ መጥለቅና መውጣት በሱ ነው። ዘንጉን ከክንፎቹ ጋር የምትይዘው የሩዝ ፍሬ የምታህል ብሎን ናት።

ያን ቀን የገጠምኩት እኔ ነኝ።

"አንተ ቀርፋፋ፣ ውሃው ሊደርቅ እኮ ነው" ብሎ ቀለደብኝ ኦትማር።

ተናደድኩ። ዘንጉን ሰካሁና ብሎኗን ኪሴ ከተትኳት... ከአንድ ዙር በኋላ አጠብቃታለሁ ብዬ።

ዓመት ሙሉ ቤቴ፣ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ደብቄያታለሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ፤ ክለቡ ውስጥ ቢራ መጠጣት ሁሉ ተውኩ።

"ዲርክ፣ አንዴ ንዳልኝ" አለች ሮስቪታ። "ከሱ ጋር ካወጧት ቀን ወዲህ ማንም አልከፈታትም።"

"በዚህ ጉም?"

"በዚህ ጉም። ዓመቱ ዛሬ ነዋ።"

ጀርባዬን ለሮስቪታ ሰጥቼ መርከቧን ከፈትኳት። ዘንጉ እንደተላቀቀ ተንጠልጥሏል። የብሎኗ ቀዳዳ ባዶ ነው።

ባትሪ ቀይሬ ቶሎ ከደንኳት። ላጠልቃት አልችልም፤ ላይ ላዩን አንድ ዙር አዙሬ ልመልሳት አሰብኩ።

ውሃው ላይ አስቀመጥኳት።

ሄደች... አሥር ሜትር... ሃያ...

ከዚያ ጠለቀች።

የመጥለቂያውን ማንሻ ጣቴ አልነካውም።

"ልክ ኦትማር እንደሚያጠልቃት" አለች ሮስቪታ በሹክሹክታ።

አንድ ደቂቃ... ሦስት... አምስት...

ፈራሁ። ሪሞቱን አጠፋሁት።

ያኔ ወጣች። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሮስቪታ መጥታ እግሯ ሥር ቆመች። ክንፎቹ ከፍ ዝቅ... ከፍ ዝቅ አሉ።

ሁለት ጊዜ። ኦትማር መርከቧን ከማጥለቁ በፊት ሁልጊዜ ሚስቱን የሚሰናበታት እንዲህ ነበር።

"አንተ ነህ?" አለችኝ።

ያጠፋሁትን ሪሞት አሳየኋት።

መርከቧን አውጥቼ ባትሪዋን ነቀልኩ። ውስጧ ደረቅ ነው። ዘንጉ ተገጥሟል። ብሎኗም ቦታዋ ላይ አለች... በካቻቪቴ ሞከርኳት፣ ንቅንቅ አትልም።

ሮስቪታ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ ታያለች።

"ያን ቀንም የገጠምከው አንተ ነበርክ፣ አይደል?"

"እኔ ነኝ።"

"አጥብቀኸው ነበር?"

ኦትማር አንዴ ሞቷል፤ ምን ይመለሳል... እሷን ደግሞ ማጣት አልፈለግኩም።

"አዎ" አልኳት።

ባትሪው ሣሩ ላይ ነው። ክንፎቹ ግን ቀስ ብለው ወረዱ።

ሮስቪታ አላየችም። ወይ እንዳላየች ሆነች።

ቤት ገብቼ የክብሪት ቀፎውን ከመሳቢያ አወጣሁ። ከበደኝ። ከፈትኩት።

ብሎኗ የለችም። እስከ አፉ ውሃ ሞልቶታል... ጭቃ ጭቃ የሚሸት ውሃ። ካርቶኑ ግን ጠብታ አልነካውም።

ደፋሁት። በማግስቱ ሞልቶ አገኘሁት። እንደገና ደፋሁት...

ዛሬ የሮስቪታን ቁጥር ግማሽ ድረስ ነክቼ ስልኩን አስቀመጥኩት። ምን ብዬ ልንገራት?

ይህን የምጽፍላችሁ መሳቢያው አጠገብ ተቀምጬ ነው... ውስጡ ጠብ፣ ጠብ ይላል።